ኮምፒውተር ላይ ስትውሉ ዓይናችሁ እንዳይደክም፦ ከፊደል መጠን እንጀምር

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ማታ ምን እያለ እንደሚያማርር ይታወቃል። ዓይኔን አቃጠለኝ። አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ግንባሬን ወጥሮ ያዘኝ። ቀና ስል ሩቁ ብዥ ይልብኛል። ይሄን የሰማ አንዱ "ናይት ላይት አብራ" ይላል (ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያለዝበው ሴቲንግ ነው)፣ ሌላው "ብሉ ከት መነፅር ግዛ" ይላል (ሰማያዊ ብርሃን ያጣራል የሚባለው መነፅር)። ሁለቱም ከመጨረሻው ነው የጀመሩት።

አብዛኛውን ጊዜ ዓይንን የሚያደክመው የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን አይደለም። ጽሑፉ ትንሽ ስለሆነ ነው። ስክሪኑ ከክፍሉ ብርሃን ጋር ስላልተመጣጠነ ነው። ፊደሉ ጥርት ስላላለ ነው። በዚያ ላይ ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ዓይን ኮምፒውተር ላይ ወደ 5 ወይም 7 ይወርዳል፣ የዓይኑ እርጥበት ይደርቃል፣ ማቃጠሉም ከዚያ ይመጣል። መነፅሩን በተመለከተ የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2023 ያወጣው ግምገማ 17 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣራ መነፅር ከተራው መነፅር የበለጠ የዓይን ድካምን ይቀንሳል የሚያሰኝ ውጤት አላገኘም። ገንዘባችሁን ያዙ።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል እንሂድ፤ መጀመሪያ የፊደል መጠን፣ ቀጥሎ ብርሃን፣ ከዚያ ጥራት፣ ቀለም በመጨረሻ። ሁሉም ነፃ ነው። የምጽፈው ዊንዶውስ 11ን ይዤ ነው፣ 10 ላይም ስሞቹ ተቀራራቢ ናቸው። ማክ የያዛችሁም ወደ ታች አላችሁ።

1. ፊደሉን አሳድጉ

አማርኛ ለሚያነብ ሰው ከሁሉም በፊት ይሄ ይቀድማል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው ጥቃቅን ቅጥያዎቹ ላይ ነው። "ቢ" እና "ቤ"ን ጠጋ ብላችሁ እዩ። አንዷ ከእግሯ ስር ጭረት አላት፣ ሌላዋ ቀለበት። ጽሑፉ ሲያንስ ያቺ ቀለበት መሃሏ ይሞላና ጭረት ትመስላለች። "ጪ" እና "ጬ" ላይ ደግሞ ይብሳል። እናንተ ከዓረፍተ ነገሩ እየገመታችሁ ታነቡታላችሁ፣ ዓይናችሁ ግን እያንዳንዷ ፊደል ላይ ይታገላል። በእንግሊዝኛ 11 ሆኖ በደንብ የሚነበብ መጠን ለአማርኛ ያንሳል።

ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጫኑና "ዲስፕሌይ ሴቲንግስ" የሚለውን ክፈቱ። መጀመሪያ "ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን" የሚለውን እዩ። አጠገቡ "ሪኮመንድድ" የሚል ካለ አትንኩት። ከሌለ ዝርዝሩን ከፍታችሁ እሱን ምረጡ። ብዙ ሰው ጽሑፉን ለማሳደግ ብሎ ሪዞሉሽኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ጽሑፉ እውነትም ይተልቃል፣ ግን ብዥ ይላል፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ላይ ያሉት ነጥቦች ብዛታቸው የማይለወጥ ስለሆነ፣ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ስክሪን ከዚያ ባነሰ ሲጠየቅ አንዱን ነጥብ ለሁለት እያካፈለ ጠርዙን ያበላሸዋል። ብዥ ያለ ትልቅ ፊደል ጥርት ካለ ትንሽ ፊደል አይሻልም።

ማሳደጊያው እዚያው ገጽ ላይ ያለው "ስኬል" ነው። 100 ላይ ከሆነ 125 አድርጉት። ስክሪናችሁ ከ14 እስከ 15.6 ኢንች የሆነ ላፕቶፕ ከሆነና ሪዞሉሽኑ 1920 በ1080 ከሆነ 150ንም ሞክሩት። መጀመሪያ ሁሉም ነገር የገዘፈ ይመስላችኋል። ሁለት ሦስት ቀን ታገሱት፣ ትለምዱታላችሁ።

አሁንም ካነሰ ጽሑፉን ብቻ ማሳደግ ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ "አክሰሲቢሊቲ" ግቡ፣ "ቴክስት ሳይዝ" ክፈቱ፣ ተንሸራታቹን ወደ ቀኝ ግፉት፣ "አፕላይ" በሉ። እስከ 225 በመቶ ይሄዳል፣ ለአብዛኛው ሰው ግን ከ110 እስከ 130 ይበቃል። እዚያው አካባቢ "ማውስ ፖይንተር" አለ። ቀስቷን ትንሽ አሳድጓት፣ እሷን ፍለጋ ስክሪኑን ማሰስም ዓይን ያደክማል።

መጠኑ መብቃቱን በምን ታውቃላችሁ? ወንበራችሁን ወደ ኋላ ሳቡና ከወትሮው ሦስት እጥፍ ርቃችሁ እዩት። ከዚያ ሆናችሁ እንደምንም ማንበብ ከቻላችሁ ተጠግታችሁ ስትሠሩ ዓይናችሁ ዘና ይላል። ጭራሽ ካልተነበበ ገና ይቀረዋል።

አንድ የምትጠብቁት ችግር አለ። ስኬሉን ስትቀይሩ እንደ ፒችትሪ ያሉ የቆዩ የሂሳብ ፕሮግራሞች ብዥ ሊሉ ይችላሉ። የፕሮግራሙ ምልክት ላይ በቀኝ ተጫኑ፣ "ፕሮፐርቲስ"፣ ከዚያ "ኮምፓቲቢሊቲ"፣ ከዚያ "ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ" ግቡ። ከታች ያለችውን ሳጥን ምልክት አድርጉና "ሲስተም ኢንሃንስድ" የሚለውን ምረጡ። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት። ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

ዎርድ ላይ ለሚውል ሰው

መሥሪያ ቤት ገብታችሁ ደብዳቤ የሚጽፈውን ሰው እዩት። አንገቱን አስግጓል፣ ዓይኑን አጥብቧል፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ነው። "አሳድገው እንጂ" ስትሉት "ደብዳቤው በ12 ነው መውጣት ያለበት" ይላችኋል። ዙም እና የፎንት መጠን ተምታተውበት ነው። ዎርድ ላይ ከታች በስተቀኝ ጥግ ያለውን ተንሸራታች ወደ 140 ወይም 150 ብትወስዱት ደብዳቤው አይለወጥም። ፎንቱ ያው 12 ነው፣ ሲታተምም ያው ነው። የተለወጠው እናንተ የምታዩት ብቻ ነው። ኮንትሮል ቁልፉን ይዛችሁ የማውሱን ጎማ ብታሽከረክሩም ያው ሥራ ይሠራል። ኤክሴልም እንዲሁ።

ሌላው ፎንቱ ራሱ ነው። ኒያላ ቆንጆ ፎንት ነው፣ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ስክሪን ላይ ግን ቀጭን ነው፣ በዚያው ቁጥር ከሌሎቹ አንሶም ይታያል። ረጅም ነገር የምትጽፉ ከሆነ ረቂቁን በኤብሪማ ወይም በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጻፉት። ኤብሪማ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ኖቶ በነፃ ይወርዳል። ስትጨርሱ ሁሉንም መርጣችሁ አለቃ ወደሚወደው ፎንት ቀይሩት። የገጹ ቁጥር ስለሚለወጥ ማውጫና ገጽ መቁረጫ ከዚያ በኋላ አስተካክሉ። ጽሑፉን የምታርሙ ከሆነ ደግሞ የመስመሩን ርቀት 1.5 አድርጉት፤ የአማርኛ መስመሮች ሲጠጋጉ ዓይን መስመር ይስታል።

ብራውዘር ላይ

ክሮም ላይ በስተቀኝ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ "ሴቲንግስ"፣ ቀጥሎ "አፒራንስ"። "ፔጅ ዙም" የሚለውን 110 ወይም 125 አድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ለየድረ ገጹ ኮንትሮልና ፕላስ እየተጫናችሁ መሰቃየት የለም። እዚያው "ከስተማይዝ ፎንትስ" ውስጥ "ሚኒመም ፎንት ሳይዝ" አለ። 14 አካባቢ አድርጉት። ከዚያ በታች የተጻፈ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይነሳል። አንዳንድ ድረ ገጽ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ ትቀንሱታላችሁ።

ፋየርፎክስ ግን ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለው፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ሴቲንግስ ውስጥ "ፎንትስ" ጋ "አድቫንስድ" የሚለውን ስትከፍቱ ከላይ የፊደል ዓይነቶች ዝርዝር ይመጣል። ከመሃላቸው "ኢትዮፒክ"ን ምረጡ። አሁን ለግዕዝ ፊደል ብቻ የፈለጋችሁትን ፎንት፣ መጠን 18 ወይም 20፣ ዝቅተኛ መጠን ደግሞ 16 መስጠት ትችላላችሁ። እንግሊዝኛው ሳይነካ አማርኛው ብቻ ያድጋል። የሚሠራው ግን ድረ ገጹ ቋንቋውን አማርኛ ብሎ ካስመዘገበ ነው። ያላስመዘገበ ሲያጋጥማችሁ ወደ ዙም ተመለሱ። ማስታወቂያ የበዛበት ገጽ ከሆነ ደግሞ ኤፍ9ን ተጫኑ። ገጹ ለንባብ ሁነታ ከተመቸ ማስታወቂያው ሁሉ ይጠፋና ጽሑፉ ብቻውን ይቀራል። ኤጅ ላይም ያው ቁልፍ ነው።

2. ስክሪኑን ከክፍሉ ጋር አመጣጥኑ

"ብርሃኑን ስንት ላድርገው?" ብሎ የሚጠይቅ አለ። ቁጥር የለውም። ትክክለኛው ብርሃን የተቀመጣችሁበት ክፍል ብርሃን ነው። ዎርድ ላይ ባዶ ገጽ ክፈቱ፣ ነጭ ወረቀት አንሱና ከስክሪኑ ጎን ያዙት። ስክሪኑ እንደ አምፖል የሚያበራ ከመሰለ በዝቷል፣ ቀንሱት። ግራጫ ከመሰለ አንሷል፣ ጨምሩት። ሁለቱ ነጭ ተቀራራቢ ሲሆኑ አቁሙ። ጠዋትና ማታ ይህንን መድገም አለባችሁ፣ ምክንያቱም ክፍሉ ይለዋወጣል።

ላፕቶፕ ላይ ብርሃኑን ኪቦርዱ ላይ ባሉት የፀሐይ ምልክቶች ትቀይራላችሁ፣ ወይም የዊንዶውስ ቁልፉንና "ኤ"ን አብራችሁ ስትጫኑ የሚመጣው ሳጥን ላይ። ለብቻው የቆመ ሞኒተር ከሆነ ግን ማስተካከያው ያለው ራሱ ሞኒተሩ ላይ ነው፣ ከታች ወይም ከኋላ ባሉት ቁልፎች። ማንም ስለማይነካቸው ብዙ የቢሮ ሞኒተር ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በከፍተኛ ብርሃን ላይ እንዳለ ነው። "ሜኑ"ን ተጫኑ፣ "ብራይትነስ"ን በወረቀቱ መሠረት አውርዱ፣ "ኮንትራስት"ን ከ70 እስከ 80 አካባቢ ተዉት። "ዳይናሚክ" ወይም "ጌም" የሚል ሁነታ ላይ ከሆነ ወደ "ስታንዳርድ" መልሱት።

ብርሃኑ ራሱ እየወጣ እየወረደ የሚያስቸግራችሁም ትኖራላችሁ። አንዳንድ ላፕቶፕ ነጭ ገጽ ሲከፈት ይደምቃል፣ ጥቁር ሲከፈት ይደበዝዛል። ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ "ብራይትነስ" አጠገብ ያለችውን ቀስት ተጫኑ፣ ብርሃኑን ከይዘቱ ጋር የሚቀያይረውን አማራጭ አጥፉት። ሁለተኛው ምክንያት ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ይሄዳል፣ ባትሪው ሲያንስ ቆጣቢው ይነሳና ስክሪኑን ያደበዝዘዋል። ቀን በጠራራ ፀሐይ ከሆነ ዓይናችሁን አጥብባችሁ ትቀራላችሁ። ሴቲንግስ፣ "ሲስተም"፣ "ፓወር ኤንድ ባትሪ" ውስጥ የቆጣቢው ክፍል ጋ ብርሃን የሚቀንሰውን አማራጭ ታገኙታላችሁ። ማጥፋቱ ባትሪ ይበላል፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

ማታ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ፣ ስክሪኑ ብቻ ቦግ ብሎ። ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ካላችሁ ደግሞ ከስክሪኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፊታችሁ ላይ ወይም ከጀርባችሁ አይሁን።

መስኮትም እንዲሁ ነው። መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ይንፀባረቃል፣ ከፊታችሁ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁን ይወጋችኋል። ጠረጴዛውን አዙራችሁ መስኮቱን በጎን አድርጉት። ማዞር ካልተቻለ መጋረጃ። ስክሪኑን አጥፉትና ጥቁሩ ላይ እዩ፤ አምፖል ወይም መስኮት ካያችሁበት ስትሠሩም ያው ነፀብራቅ ፊታችሁ ነው።

3. ጥራት

ይህ አጭር ነው። የጀምር ቁልፉን ተጫኑና መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ "ClearType" (ክሊርታይፕ) ብላችሁ ጻፉ፣ ፊደልን ጥርት የሚያደርገው እሱ ነው። የሚከፈተው መስኮት ላይ ሳጥኗ ምልክት ይኑራት፣ ቀጥሎ የሚያሳያችሁን ናሙናዎች እያያችሁ ለእናንተ ጥርት ያለውን ምረጡ። ናሙናዎቹን ስትመርጡ እንደ ወትሮው ተቀመጡ እንጂ አትጠጉ።

ሞኒተራችሁ የተያያዘው ሁለት ብሎን ባለው ሰማያዊ ኬብል ከሆነ ቪጂኤ ነው። ፊደሉ ጥላ የሚጥል መስሎ ከታያችሁ ሞኒተሩ ላይ "ኦቶ" የሚለውን ተጫኑ፣ ራሱን ያስተካክላል። ካልተስተካከለ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ እንዳለው ከኋላ እዩና ኬብሉን ቀይሩ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። "አድቫንስድ ዲስፕሌይ" ውስጥም "ሪፍሬሽ ሬት" አለ፣ ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ማለት ነው። ከ60 በላይ አማራጭ ካለው ከፍተኛውን ምረጡ። ስክሪኑንም ጥረጉት እንጂ! አቧራው ላይ ነው ግማሹ ድካም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ግፋ ቢል በውኃ ነካ የተደረገ። የመስታወት ማጽጃና አልኮል አትጠቀሙ፣ ነፀብራቅ የሚከላከለውን ሽፋን ሊያበላሹት ይችላሉ።

4. ቀለም

ናይት ላይት አሁን ይምጣ። ለዓይን ድካም ፍቱን ነው አልልም፣ ማታ ግን ነጩን ስክሪን ያለዝበዋል፣ ለብዙ ሰው ይመቻል። ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ አጠገቡ ያለችውን ቀስት ከፍታችሁ "ስትሬንግዝ"ን ከ30 እስከ 40 አድርጉት። ከዚያ ሲበዛ ሁሉም ነገር ብርቱካን ይሆናል።

በራሱ እንዲበራ "ስኬጁል" ላይ "ሴት አወርስ" ምረጡ። እዚህ ጋ ሰዓቱ እንዳያምታታችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ከ18፡00 እስከ 6፡00 ነው የምትሞሉት። 12 ብላችሁ ብትሞሉ በእኩለ ቀን ቢጫ ይሆንላችኋል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ አንዴ ከሞላችሁት በቂ ነው። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ግን ክረምትና በጋው በጣም ስለሚለያይ "ሰንሴት ቱ ሰንራይዝ" የሚለው ይሻላችኋል፣ እሱ ያላችሁበትን ቦታ ማወቅ ይፈልጋል። ፎቶ ወይም ለህትመት የሚሄድ ዲዛይን የምትሠሩ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት አጥፉት።

ዳርክ ሞድን (ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል) በተመለከተ ፋሽን ነው ብሎ መክፈት አይበቃም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ይመቻል። ብርሃን በሞላበት ክፍል ግን ጥቁር ስክሪን መስታወት ይሆንና ፊታችሁን መልሶ ያሳያችኋል። አስቲግማቲዝም (የዓይኑ ቅርጽ ትንሽ ተዛብቶ ነገር የሚደበዝዝበት ችግር) ላለበት ሰው ደግሞ በጥቁር ላይ ያለ ነጭ ፊደል ጠርዙ ይፈስበታል፣ ቀጭን የአማርኛ ፎንት ላይ ይህ ይብሳል። "ፐርሰናላይዜሽን"፣ "ከለርስ"፣ "ቹዝ ዩር ሞድ" ላይ ቀይራችሁ አንድ ሙሉ ገጽ አማርኛ አንብቡበትና ወስኑ።

ማክ ለያዛችሁ፦ "ሲስተም ሴቲንግስ" ውስጥ "ዲስፕሌይስ" ግቡ፣ "ላርጀር ቴክስት" ወደሚለው በኩል ያለውን መጠን ምረጡ። "ናይት ሺፍት" እዚያው ነው። "ትሩ ቶን" ያለው ማክ ከሆነ አብሩት፣ የስክሪኑን ነጭ ከክፍሉ ብርሃን ጋር ራሱ ያስማማዋል።

5. ሴቲንግ የማይፈታው

ስክሪኑ ከዓይናችሁ ከ60 እስከ 65 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ እጅ ተዘርግቶ የሚነካው ያህል። የላይኛው ጠርዙ ከዓይናችሁ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ወደ ታች ስታዩ የዓይናችሁ ቆብ ዓይናችሁን በከፊል ስለሚሸፍነው ቶሎ አይደርቅም። ላፕቶፑን መጽሐፍ ላይ የምትደርቡ ከሆነ ለብቻው ኪቦርድ ያስፈልጋችኋል፣ አለበለዚያ ትከሻችሁ ዋጋውን ይከፍላል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር እዩ። ስልክ ማየት አይቆጠርም! በዚያች 20 ሰከንድ ዓይናችሁን ሙሉ በሙሉ እየጨፈናችሁ ክፈቱት። ባህረ ሰላጤው አገራት ኤሲ ስር የምትሠሩ ደግሞ ነፋሱ ፊታችሁ ላይ በቀጥታ እንዳይመጣ መስመሩን አዙሩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ለውጥ ከሌለ ሐኪም ጋ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ካመማችሁ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ዓይናችሁ ቀልቶ ብርሃን መቋቋም ካቃታችሁ ቀን አትቁጠሩ። ፋርማሲ ገብታችሁ "የዓይን ጠብታ ስጡኝ" ብላችሁ ያገኛችሁትን አትጨምሩ። ዴክሳሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ጠብታ ማቃጠሉን ያስታግሳል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ለድርቀት የሚሆነው ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ነው።

ዕድሜያችሁ 40ን ካለፈ ደግሞ የቅርብ መነፅር ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም። የንባብ መነፅር የሚለካው ግን 40 ሴንቲሜትር አካባቢ ላለ መጽሐፍ ነው፣ ስክሪናችሁ ያለው ከዚያ አልፎ ነው። ስለዚህ ለምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት እንደ ወትሯችሁ ተቀምጣችሁ ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ሰው በሜትር ይለካላችሁ። ቁጥሩን ጻፉትና ለሐኪሙ ስጡት፣ መነፅሩ በሱ ልክ ይታዘዝላችኋል።